የ1965 ኤምጂቢ፦ ዲናሞውን አውጥቼ አልተርኔተር ላስገባ ነው፤ ሽቦው ላይ እርዱኝ

ክላክስ65፦

ሰላም ለሁላችሁ። የ1965 ኤምጂቢ (የእንግሊዝ ስፖርት መኪና) አለኝ። ሞተሩ ደህና ነው፤ ቁልፍ ሲዞር በአንዴ ይነሳል። ችግሬ ማታ ነው። የፊት መብራት አብርቼ፣ የመስታወት መጥረጊያውን ከፍቼ መንገድ ተዘጋግቶ ስቆም መብራቱ ሻማ ይሆናል። ፍሬቻ ካበራሁማ ዳሽቦርዱ ሁሉ አብሮ ይጠቅሳል። ነዳጅ ስረግጥ ነፍስ ይዘራል።

ኮረንቲ የሚያመነጨው ዲናሞ ከመኪናው ጋር አብሮ የመጣው ሉካስ ሲ40 ነው፤ 22 አምፔር። ካርቦኑን ቀየርኩ፣ ቺንጋውን አጠበቅኩ። ያው ነው። አሁን አንድ ባለ 100 አምፔር አልተርኔተር (የዲናሞ አዲስ ተተኪ) እጄ ገብቷል። ከተለወጠ አይቀር ትልቁ ይሁን ብዬ ነው። ግን ከዲናሞው የሚወጣው ሁለት ሽቦ ነው፣ አልተርኔተሩ ላይ ደግሞ ሦስት መሰኪያ አለ። መኪናው ላይ ማሳ የሆነውም (ከመኪናው ብረት ጋር የታሰረው የባትሪ ጫፍ) ፖዘቲቩ ነው። እንዴት ላድርገው? ቅዳሜ ልጀምር ነው።

ብልጭታ፦

ቅዳሜ አትጀምር። ቢያንስ ባትሪው እንዳለ ሆኖ አልተርኔተሩን እንዳታገናኘው።

አልተርኔተር ውስጥ ስድስት ዋና ዳዮዶች አሉ። ዳዮድ ኮረንቲን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ባትሪው ተገልብጦ ከመጣ ስድስቱም ይከፈቱና የባትሪው ሁለት ጫፎች በእነሱ በኩል በቀጥታ ይገናኛሉ። ጭስ ከማየትህ በፊት አልቋል። አብዛኛው አልተርኔተር የተሠራው ኔጋቲቩ ማሳ ለሆነ መኪና ነው። ራሱ ኤምጂቢም በ1967 መጨረሻ አካባቢ አልተርኔተር ሲገባለት ማሳው አብሮ ወደ ኔጋቲቭ ተለውጧል።

ለምን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጥ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲሠራ) መብራትህ እንደሚሞትም ልንገርህ፤ ብዙ ሰው ዲናሞው ስለተበላሸ ይመስለዋል። አልተበላሸም። ዲናሞ የሚያመነጨውን ኮረንቲ በሙሉ የሚያወጣው በሚሽከረከረው ክፍል ላይ በሚፋተጉት ካርቦኖች በኩል ነው። የሚዞረው ጥቅልል ከባድ ስለሆነ በጣም ከፈጠነ ይበተናል። ስለዚህ ትልቅ ፑሌጃ (ቺንጋው የሚያዞረው ጎማ) ተሰጥቶት ቀስ ብሎ ይዞራል። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሆን እሱ ጭራሽ ይተኛል፤ የምትነዳው በባትሪ ነው።

አልተርኔተር ይህን ገልብጦታል። ኮረንቲው የሚወጣው ከማይንቀሳቀሰው ጥቅልል ነው። የሚዞረው ማግኔት ብቻ ነው፤ በካርቦኖቹ የሚያልፈውም ጥቂት አምፔር ነው። ስለዚህ በትንሽ ፑሌጃ፣ ከሞተሩ ከ2 እጥፍ በላይ እየፈጠነ ይዞራል። ሚኒሞ ላይም ይሠራል።

ባለ 100ውን ግን ተወው። ምክንያቱን ማታ እጽፋለሁ፣ አሁን ሥራ ላይ ነኝ።

ዝገት_ወዳጅ፦

ይቅርታ፣ እኔ ግን አልገባኝም። 60 ዓመት ያገለገለ ዕቃ አውጥቶ ፕላስቲክ ማስገባት ምን ይሉታል? ኮፈኑን ስትከፍተው ያ ረጅሙ ሲ40 ከሌለ የመኪናው ግማሽ ፊት እኮ የለም። ሬጉላተሩን (የዲናሞውን ቮልቴጅ የሚቆጣጠረውን ሳጥን) አስተካክል፣ የኋላ መብራቶችህን ኤልኢዲ አድርግ፣ በቃ። እኔ በዲናሞ ነው የምነዳው፤ አንድም ቀን አልቆምኩም።

ክላክስ65፦

@ዝገት_ወዳጅ ማታ ትነዳለህ? በዝናብ?

ዝገት_ወዳጅ፦

በዝናብ መኪናዬን አላወጣም።

ክላክስ65፦

😂 እሺ ተግባባን።

ብልጭታ፦

መጣሁ። ሂሳቡን እንሥራ፤ ትልቅ ስለሆነ ብቻ አትግዛ።

የፊት መብራት ሁለቱ 9 አምፔር ገደማ። የጎን፣ የኋላና የታርጋ መብራት 2። ቦቢና (ለካንዴላ ብልጭታ የሚሰጠው ጥቅልል) 4። መጥረጊያው 3። ማሞቂያው 5 በለው። ፍሬን ረግጠህ ፍሬቻ ስታበራ ሌላ 6 ወይም 7 ይጨመራል። ሁሉም በአንድ ላይ ወደ 30 ይጠጋል። 22 አምፔሩ፣ እሱም ሞተሩ ሲፈጥን ብቻ የሚገኘው፣ ለዚህ አይበቃም። 45 አምፔር ግን በደንብ ይበቃል፤ ለባትሪውም ይተርፋል። ሉካስ 18ኤሲአር ፈልግ። 45 አምፔር አካባቢ ነው፣ ሬጉላተሩ ውስጡ ነው፣ ለእንግሊዝ መኪኖች ስታፋም (ማሰሪያ ብረቱም) ብዙ አያስቸግርም።

100 አምፔር ሲሆን ምን ይፈጠራል? መቶ በ14 ቮልት ስታበዛው 1,400 ዋት ነው። አልተርኔተሩ ራሱ በሙቀት የሚያባክነው ሲጨመር ከሞተሩ የሚወስደው 2.5 ኪሎ ዋት ገደማ፣ ማለትም ከ3 የፈረስ ጉልበት በላይ ነው። ያቺ አንዲት ቀጭን ቺንጋ ይህን አትችለውም። ባትሪህ ደክሞ ባደረ ጠዋት ስትጮህ ትሰማታለህ።

ዋናው ግን ሽቦው ነው። የድሮው ወፍራም ሽቦ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ ርዝመቱ 2.5 ሜትር ነው እንበል። በ45 አምፔር ግማሽ ቮልት ያህል ይጠፋበታል። በ100 አምፔር ከ1 ቮልት በላይ ይጠፋል። ያ ማለት 109 ዋት፣ የሁለት የፊት መብራት ሙቀት፣ በጨርቅ በተጠቀለለ አሮጌ የሽቦ እቅፍ ውስጥ። አንዴ እንዲህ የጋለ እቅፍ ፈትቼ አይቻለሁ። የሽቦው ልባስ በጥፍር ሲነካ እንደ ደረቀ ጭቃ ይረግፋል።

ጋሽ_ቦቢና፦

ልጄ ብልጭታ በደንብ አስረድታለች። እኔ አንድ የምጨምረው አለኝ። ሁለቱን ሥራ በአንድ ቀን አትሥራ።

መጀመሪያ ማሳውን ብቻ ገልብጥ። ዲናሞው እንዳለ ይሁን። አንድ ሳምንት ንዳው። ከዚያ በኋላ አልተርኔተሩን አስገባ። ሁለቱን ባንዴ ካደረግህ አንድ ነገር ሲበላሽ ከየትኛው እንደመጣ ፈልገህ አታገኘውም። እኔ በዚህ ሁለት ቅዳሜ አቃጥያለሁ።

ያ ሬጉላተር ሳጥን ሙሉ በሙሉ መካኒካል ነው፤ ማሳው ቢገለበጥ ግድ የለውም። ዲናሞው ግን የማግኔቱን አዲስ አቅጣጫ መልመድ አለበት። ባትሪውን ገልብጠህ ካሰርክ በኋላ፣ ሞተሩን ሳታስነሳ፣ ከዲናሞው ላይ ትንሿን የኤፍ ሽቦ (ማግኔቱን የምትመግበውን) ንቀል። ከባትሪው ፖዘቲቭ የመጣ ሽቦ በዚያች መሰኪያ ላይ ሁለት ሦስቴ ነካ ነካ አድርግ። ብልጭ ትላለች። በቃ፣ ተገልብጧል።

ቦቢናው ላይ ያሉትን ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አለዋውጣቸው። ካልሆነ ብልጭታው በካንዴላው ላይ በተቃራኒ ይዘልና ይደክማል። መኪናው ይነሳል፣ አትታለል፤ ግን ቅዝቃዜ ላይ ያንገራግራል። ሞተሪኖው (ማስነሻው) ግድ የለውም፣ ቢገለበጥም በዚያው አቅጣጫ ይዞራል። ቋሚ ማግኔት ያለው ትንሽ ሞተር ካለህ ግን ወደ ኋላ ይዞራል። በኋላ የተገጠመ ሬዲዮ ካለ አስቀድመህ ንቀለው።

የባትሪው ምሶሶ ውፍረትም አንድ አይደለም፤ ፖዘቲቩ ወፈር ይላል። በመዶሻ አታስገባው።

ክላክስ65፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉት ማሳውን ብቻ ገለበጥኩ። ባትሪዎቹ ከወንበሩ ጀርባ ያሉት ሁለቱ ባለ 6 ቮልቶች ናቸው። ከዚያ ጉድጓድ ለማውጣት ወገቤን ነው የሰበሩት። ዲናሞው ነካ ነካ ሲደረግ ወዲያው ቻርጅ ጀመረ፤ እውነት ለመናገር አላመንኩም ነበር።

ግን የአርፒኤም ጌጁ (የሞተሩን ዙር የሚያሳየው) ሞተ። መርፌዋ ዜሮ ላይ ተኝታለች። አቃጠልኩት?

ብልጭታ፦

አላቃጠልከውም ይሆናል፤ ግን አሁኑኑ ንቀለው። ያ ጌጅ ኤሌክትሮኒክ ነው፣ ማሳው ያስጨንቀዋል። ከፍተህ ውስጡ ያለውን የኃይል መግቢያና ማሳ ማለዋወጥ አለብህ። ከዚያ ከጀርባው ዞሮ ወደ ቦቢና የሚሄደውን ነጭ ሽቦ ተመልከት። በጌጁ ጀርባ ላይ በቀለበት ያልፋል። የሚዞርበትን አቅጣጫም ገልብጠው። አንዱን ብቻ ካደረግህ አይሠራም።

ብየዳ ካልለመድክ ለሚያውቅ ስጥ። ውስጡ ስስ ነው።

ቀዩ_ፒክአፕ፦

ክሩን ልጥለፍ ይቅርታ። እኔ የ1968 ሼቭሮሌት ፒክአፕ አለኝ። ውጭ ሬጉላተር የነበረውን አውጥቼ ዴልኮ 10ኤስአይ አልተርኔተር አስገባሁ። በደንብ ቻርጅ ያደርጋል። ግን ቁልፉን ሳጠፋ ሞተሩ አይጠፋም! ቁልፉ እጄ ላይ ነው፣ መኪናው ይሠራል። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ እያየኝ ነው። በማርሽ አንቄ ነው ያጠፋሁት።

ብልጭታ፦

ቁጥር 1 መሰኪያውን ከቁልፉ ጋር በሽቦ ብቻ ነው ያገናኘኸው አይደል?

ቀዩ_ፒክአፕ፦

አዎ። የቻርጅ አምፖል ስለሌለው።

ብልጭታ፦

ያ ነው። አልተርኔተሩ ሲዞር ቁጥር 1 ላይ ራሱ 14 ቮልት ያወጣል። አንተ ቁልፉን ስታጠፋ ያ ኮረንቲ በሽቦው ተመልሶ ቦቢናውን ይመግበዋል። ሞተሩ አልተርኔተሩን ያዞራል፣ አልተርኔተሩ ቦቢናውን ያቀጣጥላል። ሁለቱ ተደጋግፈው ይሄዳሉ። መሐል አምፖል አስገባ። አምፖል ካልፈለግህ ዳዮድ፤ አቅጣጫው ከቁልፉ ወደ አልተርኔተሩ ይሁን።

ቁጥር 2ንስ የት አሰርከው?

ቀዩ_ፒክአፕ፦

እዚያው አልተርኔተሩ ጀርባ ላይ፣ ትልቁ ብሎን ላይ። አጭር ሽቦ።

ብልጭታ፦

ይሠራል፣ ግን አታባክነው። ቁጥር 2 ሬጉላተሩ ቮልቴጅ የሚያይበት ዓይኑ ነው። እዚያው ካሰርከው የራሱን አፍንጫ ብቻ ያያል፤ መንገድ ላይ የጠፋውን አያውቅም። ሽቦውን አርቀህ ኮረንቲው ለመብራትና ለቁልፍ የሚከፋፈልበት ቦታ ላይ እሰረው። ልዩነቱን በመብራቱ ታየዋለህ።

ቀዩ_ፒክአፕ፦

ታዲያ ባለ አንድ ሽቦው አልተርኔተርስ? ምንም ሳያስቸግር ይሠራል ይላሉ።

ጋሽ_ቦቢና፦

ይሠራል ልጄ። ግን ካስነሳህ በኋላ ነዳጅ ሰጥተህ እስክትቀሰቅሰው ይተኛል። የሚያስጠነቅቅ አምፖልም የለውም። ቺንጋ ቢበጠስ የምታውቀው መኪናው ሲቆም ነው። ሁለት ሽቦ ለመቆጠብ ይህን ሁሉ?

ክላክስ65፦

ጌጁ ተስተካክሎ መጣ፣ ይሠራል። 18ኤሲአርም ገዛሁ። ባለ 100ው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፣ አታስታውሱኝ።

አሁን ሽቦውን በዝርዝር ንገሩኝ። የሬጉላተር ሳጥኑ አርቢ340 ነው።

ብልጭታ፦

በደንብ አንብብ። ባትሪውን ፍታ፤ ከዚያ ጀምር።

18ኤሲአር ጀርባ ላይ ሁለት ሰፋፊ መሰኪያዎችና አንድ ትንሽ አሉ። ሰፋፊዎቹ ውጤት (ኮረንቲው የሚወጣባቸው) ናቸው። ሁለቱ ውስጥ ለውስጥ መያያዛቸውን በቴስተር አረጋግጥ፤ ሁሉም ሞዴል አንድ አይደለም። ትንሿ ኢንድ ትባላለች፣ የቻርጅ አምፖል ናት።

ውጤቱን በድሮው ሽቦ አትላከው። ሁለት አዳዲስ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦዎች ቁረጥ። እያንዳንዱን በአንዱ ሰፊ መሰኪያ ላይ አድርግ። የ9.5 ሚሊ ሜትር ማያያዣ ነው የሚያስፈልግህ፤ የተለመደው ትንሹ ይንቀሳቀስና ይግላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ወስደህ ሞተሪኖው ሶሌኖይድ ላይ፣ ከባትሪው የሚመጣው ወፍራም ካቦ የታሰረበት ብሎን ላይ እሰር። ባትሪው ከኋላ ስለሆነ ያ ካቦ ራሱ መንገድህ ነው። ሌላ ረጅም ሽቦ አያስፈልግህም።

ፊውዝ አትርሳ፤ 60 አምፔር። የሚቀመጠው ሞተሪኖው አጠገብ ነው እንጂ አልተርኔተሩ አጠገብ አይደለም። ሽቦው ተልጦ ብረት ቢነካ የሚያቃጥለው ባትሪው ነው፤ አልተርኔተሩ ከ45 በላይ አያወጣም፣ ባትሪው ግን መቶዎች ያወጣል።

ሳጥኑ ላይ፦ ቢ በተባለው መሰኪያ ላይ ያሉትን ቡናማ ሽቦዎች ሁሉ እርስ በርስ አገናኛቸው። የመኪናው ኮረንቲ የሚያልፈው በእነሱ ነው። ከዲናሞው ወደ ዲ ይመጣ የነበረውን ወፍራሙን ሽቦ ሁለቱንም ጫፍ ሸፍነህ ተወው። ቀጭኗን የኤፍ ሽቦ ደብሊውኤል (የቻርጅ አምፖል መሰኪያ) ላይ ካለችው ጋር አገናኛት። ይህቺ የድሮ የኤፍ ሽቦ አሁን በሌላኛው ጫፏ ኢንድ ላይ ትሰካለች። አዲስ ሽቦ ሳትዘረጋ የቻርጅ አምፖልህ አልተርኔተሩ ጋ ደረሰ ማለት ነው።

ሳጥኑን አትጣለው። ውስጡን አውጥተህ ግንኙነቱን እዚያው ብየደው። ክዳኑን ስትመልስ ማንም አያውቅም። ይሄ ለ@ዝገት_ወዳጅ ነው።

ዝገት_ወዳጅ፦

አየሁ። ዲናሞ የሚመስል ቆርቆሮ ውስጥ የገባ አልተርኔተርም አለ፤ ካወቃችሁ።

ጋሽ_ቦቢና፦

የብረቱን ነገር ማንም አላነሳም። አልተርኔተሩ ከሲ40 ያጥራል። የኋላው ጆሮ ስታፋው ላይ አይደርስም። ያንን ክፍተት በብሎን አጥብቀህ እንዳትስበው፤ ጆሮው አሉሚኒየም ነው፣ ይሰበራል። ቁራጭ ቱቦ በልኩ ቆርጠህ መሐል አስገባ። የሦስቱ ፑሌጃዎች ፊት አንድ መስመር ላይ መሆኑን በቀጥ ያለ ብረት ለካ። የድሮዋ ቺንጋ ትረዝምብሃለች፣ አጠር ያለች ግዛ። ረጅሙ መሐል ላይ በአውራ ጣትህ ስትጫናት 1 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ትግባ። እንደ ክራር ጅማት አትወጥራት፤ ኩሽኔታው ያልቃል።

ዳሽቦርዳችሁ ላይ አሜትር ያላችሁ ሰዎችም ስሙ። የመኪናው ኮረንቲ በሙሉ በዚያ በ30 አምፔር ጌጅ ውስጥ ከሆነ የሚያልፈው፣ አልተርኔተር ስታስገቡ አውጡት። ቮልትሜትር አድርጉ። ከመሪው ኋላ እሳት አትፈልጉም።

የመጨረሻው። በዲናሞ ዘመን ቻርጅ ማድረጉን የምናረጋግጠው ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ካቦ በመንቀል ነበር። ካልጠፋ ቻርጅ ያደርጋል እንላለን። አንድ ቀን በደንበኛ መኪና ላይ ይህንኑ አደረግሁ። አልተርኔተር እንደሆነ አይቻለሁ፣ እጄ ግን በልማዱ ሄደ። ኮረንቲውን የሚውጠው ባትሪ ባንዴ ሲጠፋ ማግኔቱ ገና ጉልበቱን አልጣለም። ቮልቴጁ ከ80 በላይ ሊዘል ይችላል። ሬዲዮው ‘ጧ’ ብሎ ዝም አለ፤ ሬጉላተሩም አብሮት ሄደ። ሁለቱንም ከኪሴ ከፈልኩ። እጅህን ሰብስብ።

ክላክስ65፦

ሁሉም ገባ! ሞተሩም ተነሳ። ግን ቻርጅ አያደርግም። ባትሪው ላይ 12.5 ብቻ። በደንብ ስረግጠው፣ 2,500 ዙር አካባቢ ሲደርስ ድንገት 14.2 ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሚኒሞ ላይም አይወርድም። ጠፍቶ ሲነሳ እንደገና ይተኛል። አልተርኔተሩ የተበላሸ ነው የሸጡልኝ?

ብልጭታ፦

ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የቻርጅ አምፖል ምንድን ናት?

ክላክስ65፦

ባለፈው ዓመት ዳሽቦርዱን በሙሉ ኤልኢዲ አድርጌዋለሁ። ኤምጂ ነው፣ ትንሽ ይመር ብዬ።

ብልጭታ፦

ያ ነው። አልተርኔተሩ ምንም ስህተት የለውም። ያቺ አምፖል ለዓይን ብቻ አይደለችም። ሞተሩ ሲነሳ ማግኔቱን የምትቀሰቅሰው በእሷ በኩል የሚያልፈው ኮረንቲ ነው። የመጀመሪያዋ 2.2 ዋት አምፖል 180 ሚሊ አምፔር ያህል ታሳልፋለች። ኤልኢዲው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ ማግኔቱ አይነቃም።

ወይ የድሮዋን አምፖል መልስ፣ ወይ ኤልኢዲው ጎን ለጎን 68 ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር አድርግ።

ክላክስ65፦

የድሮዋን መለስኩ። ጓንት ማስቀመጫው ውስጥ በወረቀት ጠቅልያት ነበር። ቁልፍ ሳዞር ቀይ በራች፤ ሞተሩ ተነሳ፣ ጠፋች። 14.2።

ማታ ወጣሁ። ዝናብ አልነበረም፣ ግን መጥረጊያውን በደረቅ መስታወት ላይ ከፈትኩት፤ ጅል መስያለሁ። ሁሉም በርቶ፣ ሚኒሞ ላይ፣ ፍሬን ረግጬ፦ 13.4። ፍሬቻው ይጠቅሳል፣ መብራቱ አይጠቅስም።

ሌላ ምን ልለካ?

ብልጭታ፦

ሁሉም በርቶ ሞተሩ ፈጠን ሲል ቴስተሩን አንድ ጫፍ አልተርኔተሩ ውጤት ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ። ከ0.3 ቮልት በላይ ካየህ አንድ ማያያዣ ላልቷል ወይም ዝጓል። ከዚያ ከአልተርኔተሩ አካል እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ፤ እዚህ ደግሞ ከ0.2 አይለፍ። ያልተነካ የማሳ ካቦ ብዙውን ጊዜ ወንጀለኛው እሱ ነው።

ነገ ጠዋት፣ መኪናው አድሮ ሳለ፣ ሳታስነሳ መዳፍህን አልተርኔተሩ ላይ አሳርፍ። ሞተሩ ቀዝቅዞ እሱ ብቻ ሞቅ ካለ አንድ ዳዮድ እያፈሰሰ ነው።

ክላክስ65፦

0.19 እና 0.06። ጠዋትም ቀዝቃዛ ነው፤ እንደ ድንጋይ።

ዝገት_ወዳጅ፦

እንኳን ደስ አለህ። አንድ ጥያቄ ብቻ። ያወጣኸውን ሲ40 ምን ልታደርገው ነው? እኔ መለዋወጫ እፈልጋለሁ።

ክላክስ65፦

ጠርጌ፣ ዘይት ቀብቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። አልሰጥም።

ባለ 100ውን ከፈለግህ ግን አለ።